ዕዳ አራት

ከሂሳብ ጋር የተጣላሁት ሰባተኛ ክፍል ነው። መምህራችን ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጽፈው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የሌለ ነገር ነው» ብዬ መለስኩ፤ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እየቀለድኩ ግን አልነበረም። ባዶ ኪስ አውቃለሁ፣ ከባዶ በታች የሆነ ኪስ ግን እንዴት ሊኖር እንደሚችል አይገባኝም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በአንድ ማክሰኞ ረፋድ በደንብ ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ታሪኩ ደስ አይልም፤ እኔም በታሪኩ ውስጥ ደስ የምል ሰው አይደለሁም።

ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ። በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አርሊንግተን ከአንድ የቢሮ ሕንጻ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ክፍል ተቀምጬ ከሰው ቲኬት እቀበላለሁ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከሙሉጌታ ጋር ተጋርቼ እኖራለሁ። ሙሌ የደሴ ልጅ ነው። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሯል፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያሉት እናቱ እማማ የሺ ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ምንም ቢቸግረው፣ እሱ የሚለው አንድ ቃል ነው፤ የአገሩ «አይዞህ»፦ «አብሽር።»

ሙሌ ቁማርተኛ አልነበረም። ሎተሪ የሚፍቅ ሰው ሲያይ እንኳን ፊቱን ያዞራል። ብላክጃክ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የወደደው ስለሚቆጠር ነው። አንድ ቀን ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ መጣና «ፍቅሩ፣ ይሄ እኮ ቁማር አይደለም፣ ሂሳብ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹም፣ ለካሲኖው የሚጫወተው ካርታ አዳይም ወደ ሃያ አንድ ለመጠጋት ይሞክራሉ፤ ከሃያ አንድ ያለፈ ተበላ ማለት ነው። ትልልቆቹ ካርታዎች፣ ማለትም አሥር፣ ባለ ሥዕሎቹና ኤ የተጻፈበት፣ ለተጫዋች ይጠቅማሉ። ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት ትንንሾቹ ለካሲኖው ይጠቅማሉ። ስለዚህ ትንሽ ካርታ ወጥቶ ሲሄድ አንድ ትጨምራለህ፤ ትልቅ ወጥቶ ሲሄድ አንድ ትቀንሳለህ። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝን እንዳላየ ታልፋለህ። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ውስጥ የቀሩት ካርታዎች ላንተ ያደላሉ፣ ብዙ ታስይዛለህ። ከዜሮ በታች ሲወርድ ትንሽ እያስያዝክ ትታገሣለህ። በሕግ አያስጠይቅም፤ ካሲኖው ከነቃብህ ግን በትሕትና በሩን ያሳይሃል።

የኔ ችግር በልቤ መቁጠር አለመቻሌ ነው። ከንፈሬ ካልተንቀሳቀሰ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ሙሌ ብዙ ታገለኝና በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ።

«እሺ፣ አንሾካሹክ» አለኝ። «ግን በአማርኛ። ፕላስ ማይነስ ብትል ይነቁብሃል። በአማርኛ ብትቆጥር ማን ይሰማሃል?»

ከዜሮ በላይ ያለውን «ትርፍ»፣ ከዜሮ በታች ያለውን «ዕዳ» አልነው። ትርፍ ሁለት፣ ትርፍ ሦስት። ዕዳ አንድ። ካርታ አዳዩን ቀና ብዬ እንዳላይም አስጠነቀቀኝ፤ ፊት ያየ ሰው ቁጥር ይጥላል ይል ነበር። ደግሞ ካሲኖ በተነሣ ቁጥር የሚደግማት ነገር ነበረችው፦ «ጠፍቶ የሚያስለቅስህን ብር ይዘህ እንዳትገባ።» ከወንዙ ማዶ ወዳለው ካሲኖ አብረን የሄድነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ስልሳ ዶላር ተበላን፣ አንዴ አርባ በላን። በአርባዋ ምሳ ጋበዘኝ።

በመጨረሻው ትምህርታችን ተጣላን። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ እኔ ሁልጊዜ እምታታለሁ። ሙሌ ካርታውን ሰበሰበና «ቁጥሩን ትይዛለህ፣ ወገኑን ትጥላለህ» አለኝ። «አራት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የትኛው አራት? ከላይ ነው ከታች?»

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ። «እኔ ተማሪህ አይደለሁም!» ብዬ በሩን ወርውሬ ሥራ ሄድኩ። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ፣ የመስታወት ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ስልኬ ላይ ስሙ መጣ። አየሁት። ይጥራ ብዬ ተውኩት፤ የበደለኝ እሱ ነው፣ እሱ ይለምነኝ ብዬ።

በዚያው ቀን ኤርፖርት፣ የታክሲ ተራ ላይ፣ መሪውን እንደያዘ ሞተ። ተራው ሲንቀሳቀስ የሱ ታክሲ አልንቀሳቀስ ስትል ከኋላው ያለው ሾፌር ጡሩምባ ነፋበት። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ለምን እንደደወለልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቱን ያረዷቸው የደሴ ዘመዶቻቸው ናቸው። እኔ በሦስተኛው ቀን ስደውል ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አምጣልኝ። ፊቱን ካላየሁት ሞተ ብዬ አላምንም።»

«እልክልዎታለሁ እማማ» አልኩ። ቃል ሰጠሁ።

ሬሳ አገር ቤት መላክ አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ነው ተባልን። እንደ ልማዳችን የሙሌ ፎቶ የተለጠፈበት ሳጥን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ በሐበሻ ሱቆች ተቀመጠ። ይህን የሚያስተባብሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ለብዙ ዓመት የስንቱን ሰው ሬሳ አገሩ አስገብተዋል። ሰኞ ለቅሶው ላይ ጠሩኝና ሁለት ፖስታ ሰጡኝ። በፖስታዎቹም ላይ የሙሌ ፎቶ አለ። አንዱ አምስት ሺህ፣ ሌላው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይዟል።

«ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ» አሉ። «አንተ እንደ ወንድሙ ነህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሬሳውን ለያዘው ቀብር ቤት አስረክብና ደረሰኙን ይዘህ ቤቴ ና። ይህን ከተቀበሉ ወረቀቱን ይጀምራሉ፣ ሐሙስ ይበራል። ቀሪውን እሑድ ሰው እንለምናለን፤ ቃሌን ሰጥቻቸዋለሁ።»

ልብ በሉ፤ ሁሉ ነገር አልቋል። ከኔ የሚጠበቀው መኪና መንዳት ብቻ ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደው አውራ ጎዳና የወንዙን ድልድይ እንደተሻገረ በካሲኖው በኩል ያልፋል። ድልድዩ ላይ ሳለሁ ማሰብ ጀመርኩ። አብሬው ኖሬ፣ ከእንጀራው በልቼ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባሁት መቶ ዶላር ነው። እሑድ ደግሞ ጋሽ ታደሰ ሕዝብ ፊት ቆመው ሁለተኛ ሊለምኑ ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብቻ። ሙሌ በገዛ ቆጠራው አገሩ ቢገባስ? የማይረባ ተማሪው በመጨረሻ ቢያልፍለትስ? ሰው ራሱን ሲያታልል እንደዚህ የሚያምር ምክንያት ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ።

መኪናው ውስጥ የመጀመሪያውን ፖስታ ቀድጄ ብሩን ኪሴ ከተትኩ። ባዶውን ፖስታ ወንበር ሥር ሳስገባ የሙሌን ፊት ወደ ታች ደፋሁት። ሁለተኛውን ደረት ኪሴ ውስጥ አደረግኩ፤ አልነካውም ብዬ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ካሲኖው ውስጥ ጡረተኞች፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና ምንጣፍ ላይ የሚንከባለል የጽዳት ማሽን ነው ያለው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ትንሹ ውርርድ ሃያ አምስት ዶላር። ካርታ የሚያድለው አንድ ሽማግሌ ነበር። አንድ ሺህ ዶላር በመጫወቻ ጠጠር ለውጬ ጀመርኩ። በአማርኛ እያንሾካሾኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ልክ እንደ ወጥ ቤታችን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት መቶ በላሁ።  ሽማግሌው ተራው አለቀና እጆቹን ገልጦ ምንም እንዳልያዘ ለካሜራው አሳይቶ ሄደ።

ሌላ ሰው ተተካ። ካርታው ሁሉ እንደ አዲስ ተበወዘ። የሴት እጆች ናቸው፣ ጥፍራቸው አጭር። ደረቷ ላይ ያለው ስም ሄለን ይላል። እንደምን አደሩ ሰር አለችኝ፣ እዚህ ተወልዶ ባደገ ሰው እንግሊዝኛ። ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም። ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት የመምህሬን ቃል አክብሬ ነው፤ እስቲ ሳቁ።

ትልልቁ ካርታ እየተከታተለ ወጣ። ዕዳ አንድ። ዕዳ ሦስት። ዕዳ አራት። ትንሹን እያስያዝኩ ታገሥኩ፤ ደግ አደረግኩ። በዚህ መሐል ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አየሁት፤ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ያላነሳሁት ስልክ ምን እንደሚያስከትል የማውቅ ሰው ነኝና ሳላነሣ አላስችል አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ስልክ ማውራት ክልክል ነው፤ ሄለን በእጇ ዞር በል አለችኝ። ጥቂት እርምጃ ራቅኩ።

«ደረስክ ወይ ልጄ?»

«መንገድ ላይ ነኝ ጋሼ። ትራፊኩ አይነሣም።»

«አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ሰዎቹ ቀጠሮህን ያውቃሉ፣ አሁን ኮል አድርጌላቸዋለሁ።» አሉ። «ወይ ሙሌ። እንዲያው እናትየው ትንሽ እፎይ ትበል።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።  ስንት ነበርኩ? አራት። አራት እንደነበርኩ እርግጠኛ ነኝ።

«ትርፍ አራት» ብዬ አንሾካሾኩ።

የሄለን እጆች ለአንድ ቅጽበት ቆሙ። አሁን ነው የማስታውሰው፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

መቶ አስያዝኩ። ተበላሁ። ትንንሽ ካርታዎች እየተንጠባጠቡ መጡ፤ ትርፍ አምስት፣ ትርፍ ስድስት። ቁጥሩ በወጣ መጠን የማስይዘውን ከፍ አደረግኩ፤ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። የቀረውን አራት ሺህ በሙሉ ለወጥኩ። አምስት መቶ ሳስይዝ ሄለን እንደ ደንቡ ለተቆጣጣሪዋ ጮክ ብላ አሳወቀች፤ ሰውየው አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አሥራ አንድ ደረሰኝ። የእሷ የሚታየው ካርታ ስድስት ነው። ሙሌ በሕይወት ቢኖር ከወንበሩ ይነሣ ነበር፤ ያስያዝከውን ብር እጥፍ ማድረግ ያለብህ እዚህ ነው። እጥፍ አደረግኩት፤ አንድ ሺህ ሆነ። ትልቅ ካርታ መምጣት ነበረበት። ሁለት መጣ። እሷ አሥር ገለጠች፣ አሥራ ስድስት፤ ቀጥላ አምስት ሳበች። ሃያ አንድ።

«ትርፍ ስምንት» አልኩ።  ካርታው ሁሉ ለኔ ሊመጣ ተቃርቧል ብዬ አምኛለሁ። እንደገና አምስት መቶ። እንደገና። ካርታዎቹ ግን እንደ ቆጠራዬ መሆን እንቢ አሉ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፊቴ ያለው ጨርቅ ባዶ ሆነ።

አሁን ስለዚያች ደቂቃ ልዋሻችሁ አልፈልግም። አልተጸጸትኩም። አላዘንኩም። «ቆጠራው ትክክል ነው፣ ብር ብቻ ነው የጎደለኝ» ነው ያልኩት ለራሴ። ደረት ኪሴ ውስጥ ያለውን ፖስታ አውጥቼ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ብር ከእጅ አይቀበሉም፣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አለብህ። ፎቶው ወደ ላይ ነበር። ሙሌ፣ ለመንጃ ፈቃድ የተነሣው፣ ኮስተር ያለ ፎቶ።

ሄለን ፖስታውን አልነካችም። እጆቿ አጠገቡ ቆሙ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ምላስ እያንከባለለች፣ ሁለት ቃል ተናገረች።

«ነፍስ ይማር።»

ቀና አልኩ። ሐበሻ ናት። የሃያ ሦስት፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፤ አይኖቿ እንባ ይዘዋል፣ ፊቷ ግን ካሜራው እንዳያነብባት ብሎ ድንጋይ ሆኗል። ስሟን እንደ ፈረንጅ ስም ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሄለን የምትባል የአክስት ልጅ እንኳን አለችኝ። እሷ ወዲያው በእንግሊዝኛ፣ ተቆጣጣሪው እንዲሰማ፣ ሰር ይህን ልለውጥልዎት ወይስ ለዛሬ ጨርሰዋል አለችኝ።

ፖስታውን አነሣሁ። ሳልመልስላት ወጣሁ።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። እረፍት ላይ ናት፤ የደንብ ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባለች። የተናገረችኝ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

«አማርኛ እሰማለሁ፤ መናገር ነው የሚያቅተኝ» አለች። «እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላት። የሰውየው ሳጥን ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ነው ያለው። ከጉርሻዬ ሃያ ዶላር አስገብቻለሁ።»

ፖስታውን መልሼ ደረት ኪሴ ከተትኩ።

«ስልክ ከማንሳትህ በፊት ዕዳ ነበር ያልከው» አለች። ቃሏን በአማርኛ ነው ያለችው፤ «ዕዳ»። «ስትመለስ ትርፍ አልክ። ከታች አራት የነበረውን ከላይ አራት አደረግከው። ከዚያ በኋላ የቆጠርከው ሁሉ በስምንት የተሳሳተ ነው። ብዙ ያስያዝከው ትንሽ ማስያዝ በነበረብህ ጊዜ ነው።»

ቁጥሩን ትይዛለህ፣ ወገኑን ትጥላለህ። የሙሌን ድምፅ ሰማሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠረጴዛ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው፤ ስለ ቆጠራህ ብነግርህማ ያባርሩኛል።» አለች። «ደግሞ ብሩ የራስህ መስሎኝ ነበር። የራሱን ብር የሚያጠፋ ሰው በየቀኑ አያለሁ።»

ተነሥታ ልትሄድ ስትል ዞር አለች። «እናቴን የምታውቃት ከሆነ እዚህ እንደምሠራ አትንገራት። ሆቴል ነው ያልኳት።»

ጋሽ ታደሰ ቤት የደረስኩት ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከሐኪም ተመልሰው፣ ክንዳቸው ላይ ደም የተቀዱበት ጥጥ እንደተለጠፈ፣ በሩን ከፈቱልኝ።

«ደረሰኙስ?» አሉ።

አንዱን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፖስታውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ሌላውስ የት አለ?»

«ካሲኖ ገባሁ ጋሼ።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ተጨማሪ ሥራ ይዤ እከፍላለሁ፣ እበደራለሁ» አልኩ። «እሑድ ሰው ፊት ቆሜ እኔ እለምናለሁ።»

«ምን ብለህ?» አሉ። «ብትዋሽ እግዚአብሔር ያይሃል። እውነቱን ብትናገር ከእንግዲህ ማንም ሰው ለማንም ሬሳ አያዋጣም። ከሙሌ በኋላ ስንት ሰው የሚሞት ይመስልሃል እዚህ አገር?» መነጽራቸውን አደረጉ። «ያንን በር አልዘጋም። እዚሁ ይቀበራል። የጎደለውን ከኔ እጨምራለሁ። እናቱን ግን አንተ ነህ የምትነግራት። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ።»

ደወልኩ። እማማ የሺ ወዲያው አነሡ።

«ሐሙስ ነው አይደል የሚመጣው?» አሉ። «ጎረቤቶቼ ድንኳን ሊጥሉልኝ ነው።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሳላሳጥር። 

«ቆጠራውን ማን አስተማረህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሙሌ።»

«ሙሌ አስተምሮህ ተሳሳትክ?»

«አዎ እማማ።»

«እዚህ ሰፈር እሱ ያስተማረው ልጅ አይሳሳትም ይባል ነበር።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «አልረግምህም። ይቅር ብዬሃለሁ ደግሞ አልልህም፤ ውሸት ይሆናል። ልጄን ከበረዶ አውጡልኝና አፈር አስገቡት። በቃ።»

ስልኩ ተዘጋ። አብሽር አላሉኝም።

ዓርብ ሜሪላንድ ውስጥ ቀበርነው። ጋሽ ታደሰ ለሕዝቡ «እናቱ እዚያው ይቀበር ብላለች» አሉ፤ ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። የማላውቀው ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየነካ «ወንድም ማለት አንተ ነህ፣ እግዚአብሔር ዋጋህን ይስጥህ» ይለኛል። ሄለን ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። ከሩቅ አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

አንባቢዎቼ፣ ቁማር መጥፎ ነው ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም ይህን ሁሉ ያስቆጠርኳችሁ። እሱን ከኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሞልቷል። ብሩን ለእናቱ በየወሩ እየላክሁ ጨርሻለሁ፤ የጨረስኩት ብሩን ነው። ከዓመት በኋላ ጋሽ ታደሰን አስፈቅጄ ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ተናገርኩ። አንዳንዱ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም፤ ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ የለቅሶ ብር አንድ ሰው ብቻውን አይዝም፤ ሁለት ሆነው ሄደው ያስረክባሉ። በኔ ምክንያት የመጣ ደንብ ነው፣ ስሜ ግን አልተጻፈበትም። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ጋሽ ታደሰ ናቸው። አሁን ደንብ አለን፣ ሰው አይፈራም አሉኝ።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ካሲኖው ብቻ አይደለም። ያ ያላነሳሁት ስልክም ነው። ሲጠራ ዝም ያልኩት ሙሌ የኔ ባለዕዳ መስሎኝ ነው። ጥሉን አልረሳሁም፣ ቃላቱን አልረሳሁም፤ ማን ማንን እንደበደለ ብቻ ገለበጥኩት። ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሠራሁት ያንኑ ነው። እናንተም ከሰው ጋር ተጣልታችሁ ቂም እየቆጠራችሁ ከሆነ፣ ቁጥራችሁን አልጠራጠርም። የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ጠይቁት።

ባለፈው የሙት ዓመቱ ዕለት መቃብሩ ጋ ሆኜ ሳለሁ እማማ የሺ ደወሉ። በራሳቸው ሲደውሉ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ድንጋይ አለው?» አሉኝ።

«ገና ነው እማማ። በሚቀጥለው ወር ይተከላል።»

«ታዲያ እንዴት ታገኘዋለህ?»

«እቆጥራለሁ። ከበሩ ተነሥቼ አራተኛው መስመር ላይ፣ አሥራ አንደኛው ነው።»

እየጻፉ እንደሆነ ገባኝ፤ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ይሰማል። «አንድ ቀን ዘመድ ቢመጣ እንዳይጠፋበት ነው» አሉ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«አሥራ አንደኛው ከግራ ነው ከቀኝ?»

«ከግራ» ብዬ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ በሩ ተመለስኩና፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከአንድ ጀመርኩ።